ስለ እንጨት ሥራ ደቀ መዝሙርና ስለ መምህሩ ግዴታ

በሀብሩ ወረዳ በግራናና በመርሳ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ወልድያ ድረስ በየጊዜው የሚሠሩትን አዳዲስ ቤቶች የተመለከተ ሰው፣ የአገራችን አኗኗር በአንድ ትውልድ ዕድሜ ምን ያህል እንደ ተለወጠ ለመረዳት ከወጥ ቤቱ የበለጠ ምስክር አያስፈልገውም። ቀድሞ ከመኖሪያው ተነጥሎ በጓሮ በኩል ይቀለስ የነበረው፣ ጢሱ በክዳኑ እየሾለከ ይወጣ የነበረው ማድቤት፣ የሸለቆው መስኖ ያፈራው ሽንኩርትና ፍራፍሬ ባስገኘው ገንዘብ፣ ልጆቻችንም ከዐረብ አገር በላባቸው አጠራቅመው በሚልኩት ሪያል፣ ዛሬ ወደ ቤቱ ውስጥ ገብቶ ቧንቧና የኤሌክትሪክ ምጣድ ተሰጥቶታል፤ ግድግዳውም የእንጨት ሠራተኞቻችን ኪችን ካቢኔት እያሉ በሚጠሩት፣ ተገጥሞ በሚቀር ቁም ሣጥን መሸፈን ጀምሯል።

ይህ ለውጥ የሚያስደስት ቢሆንም፣ ሥራው በበዛበት መጠን ሠሪው በዕውቀት አልበሰለም፤ ያልበሰለውም የወጣቱ አእምሮ ስለ ደነዘዘ ወይም እጁ ስለ ሰነፈ ሳይሆን፣ የሚያስተምረው ሰው የማስተማርን ነገር እንደ ግዴታ ስላልቈጠረው ነው። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አንድ ነው፤ የእንጨት ሥራ ቤት ያለው ሰው ለማጅ በተቀበለ ጊዜ ርካሽ ጉልበት ማግኘቱን ብቻ ሳይሆን የመምህርነትን ሸክም በጫንቃው ማኖሩን አውቆ፣ ትምህርቱን በቅደም ተከተል፣ በተወሰነ ጊዜና በጽሑፍ ውል ሊሰጥ ይገባዋል የሚል ነው።

አሁን ያለውን ልማድ እንመልከት። አባት ወይም አጎት የ16 ወይም የ17 ዓመት ልጅ ይዞ ወደ አናጺው ይመጣና፣ «እጁን አፍታታልኝ፣ አደራ» ብሎ አስረክቦት ይሄዳል፤ አናጺውም አደራውን ይቀበላል፤ ልጁም በማግሥቱ መጥረጊያ ይሰጠዋል። ጠዋት ፍቅፋቂውንና ብናኙን ይጠርጋል፤ ረፋድ ላይ ሻይና ዳቦ ያመላልሳል፤ ከቀትር በኋላ ጌታው በማሽን ሲቈርጥ የጣውላውን ጫፍ ይይዛል፤ ሲመሽም ኮላ የነካካቸውን ዕቃዎች ያጥባል። በዚህ ሁኔታ ዓመት፣ ከዚያም ሁለተኛው ዓመት ያልፋል፤ የልኬቱ ወረቀት ግን ሁልጊዜ በጌታው ኪስ፣ ስሌቱም በጌታው ራስ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ልጁ የሚያየው የተቈረጠውን ጣውላ እንጂ ለምን በዚያ ልክ እንደ ተቈረጠ አይደለም። ሲጠይቅም «ዝም ብለህ እይ» ይባላል፤ «ሙያ በልብ ነው» የተባለው ብሂል ለትሑት ሠራተኛ ማሞገሻ መሆኑ ቀርቶ ዕውቀቱን ለሚሰስት ሰው መሸሸጊያ ሆኗል።

እንግዲህ በዐይኑ እየሰረቀ የሚማር ሰው፣ የሰረቀው የሥራውን መልክ እንጂ ምክንያቱን አይደለምና፣ መልኩ በተለወጠበት ቀን መንገዱ ይጠፋበታል። የታችኛው ካቢኔት ጥልቀት 60 ሳንቲ ሜትር መሆኑን ያውቃል፤ ለምን 60 እንደ ሆነ አያውቅም። በቀጥታ ግድግዳ ላይ ያየውን ይገጥማል፤ ግድግዳው በተንጋደደ ጊዜ ግን በካቢኔቱና በግድግዳው መካከል የቀረውን ክፍተት በሲሊኮን እየደፈነ ያልፋል። የዚህም ልማድ ዋጋ የሚከፈለው በአናጺው ሳይሆን፣ በሁለተኛው ክረምት በሩ አልዘጋ፣ መሳቢያውም አልሳብ በሚላት በቤቱ እመቤት ነው።

ጥበበ እድን ለደቀ መዝሙር ማስተላለፍ ለወሎ እንግዳ ነገር አይደለም። በላስታ በዋሻ ውስጥ የቆመው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን፣ እንጨትና ድንጋይ ተራ በተራ እየተነባበሩ የተገነባበት ግድግዳውና በጌጥ የተከፋፈለው የእንጨት ጣራው ከስምንት መቶ ዓመት በላይ አልፎት ዛሬም ይታያል፤ ያን ሥራ የሠሩት እጆች ከእነርሱ በፊት ከነበሩት እጆች የተማሩ መሆናቸውን ለመጠራጠር አይቻልም። በኦሪት ዘፀአትም የደብተራ ኦሪቱን ሥራ የመራው ባስልኤል፣ ከባልንጀራው ከኤልያብ ጋር እንጨት የመጥረብና ዕንቍ የመቅረጽ ጥበብ ብቻ ሳይሆን ሌሎችን የማስተማር ጸጋም ጭምር እንደ ተሰጠው ተጽፏል፤ ይህም ማለት መጽሐፉ ማስተማርን ከጥበቡ ያልተለየ የጥበቡ ክፍል አድርጎ ይቈጥረዋል ማለት ነው። ሙስሊም ወንድሞቻችንም ነቢዩ ዘከሪያ አናጺ እንደ ነበሩ በሐዲሳቸው ይተርካሉ። በሁለቱም ሃይማኖት ዘንድ የተከበረውን ሙያ፣ ሰው ግን በእጅ ሥራ የሚተዳደረውን እየናቀና እየሰደበ ስላዋረደው፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሳደብ እንዲቀጣ በአዋጅ እስከ ማዘዝ ደርሰዋል። ስድቡ ዛሬ በአብዛኛው ቀርቷል፤ ንቀቱ ግን ለማጁን ከማስተማር ይልቅ በማስጠረግ በሚገለጽ ሌላ መልክ አለ።

ሥርዓት ያለው ትምህርት ምን እንደሚመስል ለማየት ደግሞ ከዚሁ ከሰሜን ወሎ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። ከአገራችን ታላላቅ የቅኔ ቤቶች አንዱ በሆነው በዋድላ፣ ተማሪው ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ሳይዘርፍ ወደ ዘአምላኪየ፣ ከዚያም ወደ ሚ በዝኁ፣ ወደ ዋዜማ፣ ወደ ሥላሴና ወደ ዘይእዜ አልፎ መወድስ ሊደርስ አይችልም፤ በየደረጃውም የሠራውን በመምህሩ ፊት ቆሞ ይናገራል፣ መምህሩም ስሕተቱን በጉባኤ ያርምለታል፣ አንዱን ደረጃ የጨረሰውም ገና የጀመረውን ያስተምራል። የየጁ ምድር በዳና ያቆየው የእስልምና ትምህርትም ኪታቡን ከታናሹ ወደ ታላቁ በሥርዓት የሚያስኬድ ነው። ይህ ሁሉ ሊቃውንቱ በድህነት መካከል፣ ያለ ሕንፃና ያለ ደሞዝ የጠበቁት ሥርዓት ነውና፣ በግራና ያለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ማሽንና ገቢ እያለው ሊያደርገው የማይችልበት ምክንያት የለም።

በእንጨት ሥራ ቤት የመጀመሪያው ደረጃ መለካት ነው። ለማጁ በገባበት ሳምንት ሜትር፣ እርሳስና ስኳድራ ተሰጥቶት የአንድ ወጥ ቤት ግድግዳዎችን እንዲለካ፣ ማዕዘኑም ቀጥ ማለቱን እንዲመረምር ይደረግ፤ ይኸውም ከማዕዘኑ ተነሥቶ በአንዱ ግድግዳ 60፣ በሌላው 80 ሳንቲ ሜትር ላይ ምልክት አድርጎ፣ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ልክ 100 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ መሆኑን፣ ከበለጠ ወይም ካነሰ ግን ግድግዳው የሄደ መሆኑን ማወቅ ነው። በብሎኬትም ሆነ በጭቃ በተሠሩ ቤቶቻችን ልኬቱ ልክ መቶ ሆኖ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነውና፣ ልጁ በዚህ አንድ ሥራ ብቻ ዐይን የሚያታልል መሆኑን ይማራል።

ሁለተኛው ደረጃ ሥዕልና ስሌት ነው፤ ለማጆቻችን የሚከለከሉትም ከሁሉ በላይ ይህን ነው። ወርዱ 600 ሚሊ ሜትር የሚሆን ካቢኔት 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ኤምዲኤፍ ጣውላ ሲሠራ፣ ወለሉ በሁለቱ ጎኖች መካከል የሚገባ ስለሆነ 600 ሳይሆን 564 ሆኖ መቈረጥ አለበት፤ የሁለቱ ጎኖች ውፍረት 36 ነውና። ይህን በወረቀት ላይ ራሱ ሠርቶ ያገኘው ልጅ ዳግመኛ አይረሳውም፤ ሳይነገረው የቈረጠው ግን ሙሉውን ጣውላ አበላሽቶ ከጌታው ስድብን ይቀበላል። ደግሞም አንድ ሙሉ ጣውላ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር መሆኑን፣ የመጋዙ ጥርስ በያንዳንዱ ቈረጣ 3 ሚሊ ሜትር ያህል እንደሚበላ፣ ስለዚህም ከ122ቱ ሁለት ባለ 60 ማውጣት ሲቻል ሁለት ባለ 61 ማውጣት የማይቻል መሆኑን ያስላ፤ ያን ጊዜ 60 ሳንቲ ሜትር የተባለው ጥልቀት ከሰማይ የወረደ ትእዛዝ ሳይሆን ከጣውላው ልክ ጋር የተስማማ ቍጥር መሆኑ ይገባዋል። ይህን ትምህርት ለመስጠት ጊዜ የለም የሚል አናጺ ቢኖር፣ መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ማሽኑ ቆሞ ሁሉም እጁን አጣጥፎ እንደሚቀመጥ አስታውሰዋለሁ፤ ያ ሰዓት የሥዕል፣ የስሌት፣ የመላጊያና የመሮ ትምህርት ሰዓት ይሁን።

ከዚህ በኋላ ሣጥን መግጠም፣ ቀጥሎ መሳቢያ፣ በመጨረሻም በር ይመጣል፤ በሩ መጨረሻ የሚሆነው ለማጠፊያው የሚበሳው 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ጥቂት ከሳተ የካቢኔቱን ፊት ሁሉ የሚያጣምም ስለሆነ ነው። ለማጁ በየደረጃው አንዳንድ ዕቃ ከልኬቱ እስከ መግጠሙ ብቻውን ይሥራ፤ መምህሩም በሌሎች ለማጆች ፊት ይመርምርለት።

ነገር ግን የቈረጣ ትምህርት ብቻውን ኪችን ካቢኔት የሚሠራ ሰው አያወጣም፤ ወጥ ቤትን ሳያውቁ የወጥ ቤት ካቢኔት መንደፍ አይቻልምና። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1926 ማርጋሬቴ ሹተ ሊሆትስኪ የተባለች ኦስትሪያዊት አርክቴክት ለፍራንክፈርት ከተማ የሠራተኛ ቤቶች ወጥ ቤት ስትነድፍ፣ የጀመረችው ከጣውላው ሳይሆን ከሴቲቱ እርምጃ ነበር፤ አንዲት ሴት ከምድጃው ወደ ውሃው፣ ከውሃው ወደ መደርደሪያው ስንት ጊዜ እንደምትመላለስና ስንት ደቂቃ እንደምታጠፋ አስቈጥራ፣ 1.9 በ3.4 ሜትር በሆነች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁሉን በክንድ ርቀት አስቀመጠችው፤ በዚያም ንድፍ 10 ሺህ ያህል ወጥ ቤቶች ተሠሩ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የምናየው ተገጣሚ ወጥ ቤት የዚያ ሥራ ልጅ ነው።

የእርሷ ልክ ግን የድስትና የመጥበሻ አገር ልክ ነው፤ እኛም ሳንመረምር እንዳለ ተቀብለነዋል። የእንጀራ ምጣድ ስፋቱ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ስለሚደርስ፣ ከነአክንባሎው 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው መደብ ላይ ሲቀመጥ ጠርዙ ወደ ውጭ ይንጠለጠላል ወይም ግድግዳውን ይነካል፤ የመደቡ ቁመት ደግሞ እንደ ልማዱ ከ85 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ሊጡን ከላይ ሆና ዙሪያውን የምታፈስ ሴት ክንዷን ከፍ አድርጋ ለማንሣት ትገደዳለች። እንፋሎቱም በቀጥታ ከላይ የተሰቀለውን ካቢኔት ሆድ ስለሚመታ፣ ጠርዙ በሚገባ ያልታሸገ ኤምዲኤፍ ወይም ቺፕውድ በጥቂት ወራት እንደ ረጠበ ዳቦ ያብጣል። በእኔ አስተያየት የምጣዱ መደብ ለብቻው ወደ 70 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት እንዲኖረው፣ ቁመቱም ወደ 75 ዝቅ እንዲል፣ በላዩም ካቢኔት እንዳይሰቀልበት ያስፈልጋል፤ ምጣዱ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ኃይል የሚስብ ስለሆነም የራሱ ሶኬት በሚታይና ከጣውላ በራቀ ቦታ ይደረግለት። ይህ የጣውላ ብክነት ያመጣል የሚል ሰው ቢኖር፣ ከ122ቱ 70 ሲወሰድ የሚቀረው ወደ 52 የሚጠጋ ቍራጭ ጥልቀቱ 35 ለሆነው የላይኛው ካቢኔት እንደሚበቃ፣ በሥርዓት የተማረ ለማጅ ራሱ አስልቶ ይመልስለታል።

ምጣዱን ለምሳሌ አነሣሁት እንጂ ነገሩ በዚህ አያበቃም። ኩንታል ጤፍና ዱቄት የት ይቀመጣል? ርዝመቱ ከ80 ሳንቲ ሜትር ያለፈ መደርደሪያ በበርበሬና በሽሮ ማሰሮ ክብደት መካከሉ አይጐብጥም ወይ? መሶቡ፣ ረከቦቱና ጀበናው ቦታ አላቸው ወይ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያላቸው ዕድሜያቸውን በምጣድ ፊት ያሳለፉ እናቶች ናቸውና፣ ለማጁ ልኬት ሊወስድ በሄደበት ቤት ሁሉ ሜትሩን ከመዘርጋቱ በፊት «እማማ፣ ምጣዱን የት ቢያደርጉት ይመችዎታል? እጅዎስ እስከ የት ይደርሳል?» ብሎ መጠየቅን እንደ መጀመሪያ የሙያው ሥርዓት ይማረው። ይህንኑ ካነሣን ዘንድ፣ ወጥ ቤቱን ከሁሉ ይበልጥ የሚያውቁት ሴቶች ልጆቻችን ከእንጨት ሥራ ቤቱ ደጅ ተመልሰው የሚቀሩበትን ልማድ የሚደግፍ አንድም ምክንያት አላገኘሁም፤ መለካት፣ መንደፍና ማስላት ጢም የሚጠይቅ ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ለማጅን ከተራ ሠራተኛ ለይቶ ስለ ሙያ መልመጃ ውል ይደነግጋል፤ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በመንግሥት አካል እንዲረጋገጥ፣ የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፣ በሥልጠናው ወራት የሚከፈለው ክፍያና የሥራው ሁኔታ እንዲገለጽበት፣ ሥልጠናው ሲፈጸምም አሠሪው ለለማጁ የምስክር ወረቀት እንዲሰጠው ያዝዛል። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር፣ ከ15 እስከ 18 ያለውም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ የሚከለክለውም ይኸው አዋጅ ነው። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ሥርዓታችንም በበኩሉ ከትምህርቱ 70 በመቶው በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶው በተቋም እንዲሆን ይፈልጋል፤ ይህ ግን የሥራ ቤቱ ባለቤት 70 በመቶውን በመጥረጊያ ከሞላው ከንቱ ልፋት ነው። በጀርመን አገር የእንጨት ሥራ ለማጅ 3 ዓመት ተምሮ፣ በመጨረሻ ራሱ የነደፈውንና ራሱ የሠራውን አንድ ዕቃ ለመርማሪዎች አቅርቦ ይፈተናል፤ እኛም ከወልድያ ኮሌጅ መምህራን አንዱ፣ ከአካባቢው አንጋፋ አናጺዎች ሁለቱ፣ ከእናቶችም አንዲቱ የሚቀመጡበት ጉባኤ ቢኖረን፣ እንዲህ ያለውን ፈተና በግራና ለማድረግ የሚያግደን ነገር የለም።

በአናጺዎቹ በኩል የሚነሣውን ተቃውሞ አልዘነጋሁትም። «ልጁን ሁሉን ካሳየሁት ነገ አጠገቤ ሱቅ ከፍቶ ደንበኛዬን ይወስድብኛል» ይላሉ፤ ይህም ፍርሃት ከንቱ አይደለም፣ የደረሰባቸው አሉና። ነገር ግን ግማሽ የተማረውም ልጅ ሱቅ መክፈቱ አይቀርም፤ ልዩነቱ በግማሽ ዕውቀት የከፈተው ዋጋ ሰብሮ፣ ሥራ አበላሽቶ፣ የሙያውን ስም በአካባቢው ሁሉ የሚያጐድፍ መሆኑ ነው። የጽሑፍ ውል መምህሩንም ይጠብቃል፤ የመጨረሻውን ዓመት ለማጁ በሙሉ ችሎታው ለጌታው እየሠራ የሚቈይበት አድርጎ መዋዋል ይቻላልና፣ መምህሩ የዘራውን በአደባባይ ያጭዳል። በአፍ አደራ ብቻ የተያዘ ልጅ ግን በማናቸውም ሰዓት ተነሥቶ ቢሄድ የሚከለክለው የለም።

ስለ ጤናም ጥቂት ልበል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች መካከል መድቦታል፤ ጣቱን በማሽን ያጣ አናጺ ደግሞ በየከተማው አይጠፋም። አፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ የመጋዝ መከለያና የተከፈተ መስኮት ለለማጁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚሰጡ እንጂ ሲያድግ የሚሾምባቸው ማዕርጎች አይደሉም።

ይህ ነገር ለሰሜን ወሎ ከቤት ዕቃ ማማር የሚያልፍ ጕዳይ ነው። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳውዲ ዐረቢያ በተመለሱ ጊዜ፣ ከእነርሱም መካከል የእኛ አካባቢ ልጆች ብዙ ነበሩ፤ ከ2013 ነሐሴ እስከ 2014 ታኅሣሥ ድረስ የሰሜኑ ጦርነት በወልድያና በዙሪያዋ በቈየበት ወራት ደግሞ የብዙ ሰው ቤትና የብዙ ተቋም ዕቃ ተዘርፎ እንደ ገና መሠራት አስፈልጎታል። ሥራው አለ፤ ወጣቱም አለ፤ በመካከላቸው የጐደለው መምህር ነው።

ስለዚህ ልጅህን ወደ አናጺ የምታመጣ አባት ሆይ፣ አደራህን በአፍ ብቻ አትተው፤ ምን፣ በስንት ጊዜና በምን ክፍያ እንደሚማር አስጽፈህ ፈርም። ካቢኔት የምታዢ እመቤት ሆይ፣ ሥዕሉን ሳታዪና ምጣድሽ የት እንደሚቀመጥ ሳትጠየቂ ቀብድ አትክፈዪ። የወረዳው የሥራና ክህሎት ሹማምንት ሆይ፣ ውሉን አዘጋጅታችሁ ወደ ሥራ ቤቶቹ ራሳችሁ ውረዱ እንጂ አናጺው ወደ ቢሮ እስኪመጣ አትጠብቁ። የሥራ ቤት ባለቤት ሆይ፣ ነገ ለሚመጣው ልጅ ከመጥረጊያው በፊት ሜትርና እርሳስ ስጠው። ለዚህ ሁሉ አዲስ አዋጅ አይጠበቅም፤ አዋጁ ወጥቷል፣ የጐደለው ፊርማ ብቻ ነው።